የተዘለለችው መስመር

ኮርቻ ሰፊው አዲሱን ኮርቻ በትከሻው ተሸክሞ ወደ ድልድዩ ሲወርድ እግሩ ከሐሳቡ ይቀድም ነበር። ጊዜው ረፋድ ነው። በድልድዩ አፍ ሁለት ዘቦች ጠብመንጃቸውን ግንቡ ላይ አስደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። አሥር አለቃው ግን ሥራ አልፈታም፤ የሚያልፈውን ሁሉ እያስቆመ ቅርጫት ያስከፍታል፣ ጋሪ ያስራግፋል፣ ፊቱ ያላማረውን ሰው ጫማ ሳይቀር ያስወልቃል። ኮርቻ ሰፊው ይህን ከሩቅ ሲያይ ኮርቻውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ። በኮርቻው ሆድ ውስጥ፣ በሱፉና በጭዱ መካከል፣ ማንም እንዳያያት አድርጎ የሰፋት አንዲት የመጽሐፍ ቅጠል ነበረች። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለች ቅጠል የተገኘበት ሰው ወዴት እንደሚወሰድ የከተማው ሕፃን ሁሉ ያውቃል።

አሥር አለቃው የማን ኮርቻ እንደሆነ ጠየቀው።

«የሻምበሉ ነው ጌታዬ። ጥቁር ይነከር ስላሉኝ ወደ ማቅለሚያ ቤት እየወሰድኩት ነው።»

አሥር አለቃው ኮርቻውን ተቀብሎ ግንቡ ላይ አስቀመጠና በአውራ ጣቱ ሆዱን ተጫነው። አንዴ ተጫነ፣ ደገመ። ለምን እንዲህ እንደጠነከረ ሲጠይቅ ኮርቻ ሰፊው ከየት እንዳመጣው ለራሱም ባልገባው ድፍረት ፈገግ አለ።

«አዲስ ኮርቻ እንደ አዲስ ሙሽራ ነው ጌታዬ፤ እስኪላመድ ይኮራል።»

ዘቦቹ ሳቁ። አሥር አለቃውም ሳቀና በእጁ እለፍ አለው።

ድልድዩን ተሻግሮ ጠባቧ መንገድ ውስጥ እስኪገባ ድረስ አልተነፈሰም። ከዚያ ኮርቻውን መሬት አስቀምጦ ላቡን በእጅጌው ጠረገ። ያን ጊዜ ያየው ሰው ቢኖር ለእምነቱ አንገቱን የሰጠ ጀግና ይመስለው ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ኮርቻ ሰፊው ያን ሁሉ አደጋ ተሸክሞ የሚሄደው አንዲት ሴት በሰው ፊት ሊያዋርድ ነው።

ሴትዮዋ ልብስ አጣቢ ናት። ሰው ሁሉ እትዬ ሳሙና ይላታል። እጇ ከውሃ ብዛት ተሸብሽቦ የነጣ፣ ባሏን ቀድማ የቀበረች፣ ከወንዙ ዳር እስከ ጦር ሰፈሩ የሰው እድፍ ስታጥብ የኖረች ሴት ናት። ሀ ብላ ፊደል አልቆጠረችም። ኮርቻ ሰፊው ግን ሀያ ስድስት ዓመት ሙሉ የቤተ ክርስቲያኑ አንባቢ ነበር። ከወስፌና ከሰም ክር ወርዶ እጁን ታጥቦ አትሮንሱ ፊት ሲቆም ሕዝቡ ሳሉን ይውጥ ነበር። ድምፁ ወፍራምና የተረጋጋ ነው፤ የሚያነበው ቃል እስከ መጨረሻው ወንበር ይደርሳል። በገበያም በመንገድም «ጋሼ አንባቢ» እንጂ በሙያው የሚጠራው አልነበረም። ኮርቻ ሰፊ ብዙ ነው፤ አንባቢ ግን እሱ ብቻ ነበር።

በአንድ ሻለቃ የሚመራ ጦር ከተማዋን ሲይዝ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ቀረ። ቄሱን አስረው ወደ ሌላ አገር ወሰዷቸው። ቤተ ክርስቲያኑን የፈረስ ጋጣ አደረጉት። ከአምስት ሰው በላይ እንዳይሰበሰብ በየግድግዳው ለጠፉ። ትልቁ መጽሐፍ የደረሰበት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነበር፤ ቅጠል ቅጠሉን ገንጥለው ባሩድና ጥይት ጠቀለሉበት። ወታደሩ በጥርሱ ቀዶ ባሩዱን በአፈሙዙ ሲያንቆረቁር የነቢያትን ቃል ይተፋ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ሰዉ በማቅለሚያ ቤት መሰብሰብ ጀመረ። አቅላሚው፣ ሁሉ «አለቃ» የሚላቸው ሽማግሌ፣ በራቸውን ለሥራ እንደሚከፍቱ ሆነው ይከፍታሉ፤ አንዱ ጨርቅ ይዞ፣ አንዷ ክር ይዛ፣ ነጠል ነጠል ብለው ይገባሉ። በመጀመሪያው ስብሰባ አለቃ ወደ ኮርቻ ሰፊው ዞረው፣ መጽሐፉ ባይኖርም በቃል የያዘውን እንዲያሰማቸው ለመኑት። እሱም ተነሣ። ጉሮሮውን ጠረገ። ሁለት መስመር አለ፤ ሦስተኛው ጠፋው። ሌላ ክፍል ጀመረ፤ እሱም ከመንገድ ቀረበት። ሀያ ስድስት ዓመት ያነበበው በዓይኑ እንጂ በልቡ አልነበረም ለካ። መጽሐፉ ሁልጊዜ ፊቱ ስለነበር ሊይዘው አላስፈለገውም። ሰው ፊት እንደቆመ ላብ አጠመቀው፤ ከሰዉም አንገቱን ያልደፋ አልነበረም።

በዚያ መካከል ነው ከኋላ፣ ከገንዳዎቹ ጥግ፣ አንድ ቀጭን የሴት ድምፅ እሱ ካቆመበት የቀጠለው። እትዬ ሳሙና ነበረች። ያቺን ክፍል ጨረሰች። ሌላ ጠየቋት፤ አለች። ከወንዝ ስትመጣ ልብሷ እርጥብ ስለሚሆን ወደ ውስጥ ሳትገባ ከበሩ ኋላ ቆማ ስትሰማ የኖረችው ሁሉ፣ ጠብ ሳይል ተጠራቅሞ ነበር። ሰዉ አለቀሰ። የኮርቻ ሰፊው ሚስት ሳትቀር አለቀሰች።

ቅናት የገባበት ያኔ ነው። መጀመሪያ ቅናት መሆኑን አላወቀውም፤ ለቃሉ ክብር የተቆረቆረ መስሎት ነበር። ያልተማረ ሰው ቃሉን ያበላሻል፣ ዛሬ አንድ ፊደል ነገ አንድ ሐሳብ ይጠፋል እያለ ለሚሰማውም ለማይሰማውም ተናገረ። ሰውም «ልክ ነው ጋሼ» እያለ ያልፈውና ሄዶ እሷኑ ይሰማል። ከዚያ ወገቤን አመመኝ ብሎ ሁለት ጊዜ ቀረ። ሚስቱ ግን ሄደች፤ ፊቷ እንደ ታጠበ መስታወት በርቶ ተመለሰች፣ ምድጃው ሥር ጎንበስ ብላም የሰማችውን ለራሷ ታነበንብ ጀመር። እሱ ወስፌውን ቆዳው ውስጥ እየሰካ ያዳምጣል። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት አሉ፤ እሱም በገዛ ቤቱ፣ ከገዛ ሚስቱ አፍ፣ የሌላ ሰው ድምፅ መስማት ሆነበት።

አንድ ቀን ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት «ጋሼ አንባቢ» ልትል አፏን ከከፈተች በኋላ ወደ «ጋሼ» ብቻ መለሰችው። በዚያው ሳምንት ሌላዋ እትዬ ሳሙናን «እትዬ አንባቢ» ስትላት ሰማ። ቀልድ ነበር፤ ሁለቱም ሳቁ። ኮርቻ ሰፊው ያን ቀን ምሳ አልበላም። ቅናት ለአጥንት ነቀዝ ነው የሚለውን ቃል ራሱ ስንት ጊዜ አንብቦታል፤ ነቀዙ ግን ከገባ በኋላ አንባቢም አይመርጥም።

ከተማዋ በተያዘች በሰባተኛው ወር፣ ከዛሬ አራት ቀን በፊት፣ አንድ ወታደር ክዳኑ የተቀደደ የጥይት ኮሮጆ አምጥቶ እንዲሰፋለት ጣለለት። በኮሮጆው ታች የተረሳች አንዲት ጥቅል ጥይት ነበረች። ኮርቻ ሰፊው ሲያወጣት በወረቀቱ ጠርዝ ቀይ ቀለም አየ። ባሩዱን በቀንድ ገልብጦ፣ ጥይቷን በሌላ ወረቀት ጠቅልሎ፣ ያቺን ቅጠል በጉልበቱ ላይ ዘረጋት። የትልቁ መጽሐፍ ቅጠል ናት። ያውም ነቢዩ ስለ ደከሙ ሰዎች የተናገረባት ክፍል፤ ሰዉ በየስብሰባው መጨረሻ እትዬ ሳሙና እንድትልለት የሚለምናት፣ ሰምቶ የማይጠግባት ክፍል።

መጀመሪያ ያሰበው ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ቢሆን ምንኛ መልካም ነበር። መጀመሪያ ያሰበው ስለ እሷ ነው። ሴትዮዋ የምትለውን ደጋግሞ ስለሰማ በልቡ እያለ በጣቱ ቅጠሏን ተከተለ። ተከተለ፣ ተከተለ፣ ከታች ወደ ላይ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። መስመሯ በወረቀቱ ላይ አለች፤ በሴትዮዋ አፍ ግን የለችም። አንድ ሙሉ መስመር ትዘላለች! ኮርቻ ሰፊው መስመሯ ምን እንደምትል እንኳ አስተውሎ አላነበበም። የተሳለ ቢላ ያገኘ ሰው ስለቱን እንጂ እጀታው ላይ ያለውን ጽሕፈት አያይም። ለሚስቱም ለማንም ሳይናገር ቅጠሏን በኮርቻው ሆድ ሰፋት። ያን ቀን ምሳውን እስኪጠግብ በላ።

አሁን የማቅለሚያ ቤቱን በር ገፍቶ ሲገባ ግቢው ከወትሮው በላይ ሞልቶ አገኘው። በሰማያዊው ገንዳ ዙሪያ ሴቶች ጨርቅ በረጅም እንጨት እያማሰሉ፣ ወንዶች ደግሞ ከተሰቀለው ክር ሥር ቁጭ ብለው ነበር። የአለቃ ምራት በሩ ላይ ጨርቅ ታሰጣለች፤ ወታደር ከመጣ ቀዩን ትሰቅላለች፣ ሰውም ይበተናል። ነገር ግን የዚያን ቀን ሰዉ የሞላው በሌላ ምክንያት ነው። ትናንት ማታ የዘጠኝ ወጣቶች ስም ተለጥፏል። ነገ ጠዋት ምሽግ ለመቆፈር ይወሰዳሉ፤ ምሽጉ ደግሞ ጥይት በሚወርድበት ግንባር ነው። ዘጠኙም ከፊት ተቀምጠዋል። ከእነሱ መካከል ክንደ ብርቱው ወጣት አንጥረኛ፣ የጋብቻ ቀኑን ቆርጦ የነበረው፣ መዳፉን ያገላብጥ ነበር።

የእናቶቻቸው ፊት የሬሳ ፊት ነበር። አንዷ ከዚህ ወዲያ መሰብሰቡ ምን እንደሚጠቅም አለቃን ስትጠይቃቸው ኮርቻ ሰፊው ሰማ። አለቃም ጸሎቱን ጀመሩ፤ ድምፁ ግን ተነሥቶ አልሄድ አለ። ሰው ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል እንጂ አይጸልይም ነበር። ያኔ አለቃ እትዬ ሳሙናን ዞረው አዩዋትና ያቺን ክፍል እንድትላት በአንገታቸው ምልክት ሰጧት።

እሷም እጇን በቀሚሷ አድርቃ ተነሣች። ጀመረች። ኮርቻ ሰፊው ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። የደከመውን የሚያበረታ እሱ ነው የሚለው አለፈ፤ ኃይል ለሌለው ኃይል የሚጨምር የሚለውም አለፈ። ከዚያ ሴትዮዋ ሳትቆም «ነገር ግን እሱን ተስፋ የሚያደርጉ…» ስትል ኮርቻ ሰፊው ብድግ አለ።

«አንድ መስመር ጎድሏል» አለ።

ጨርቅ የሚያማስለው እንጨት ሁሉ ቆመ። ኮርቻ ሰፊው ኮርቻውን ገለበጠ፣ ወስፌውን ከኪሱ አውጥቶ ስፌቱን ተረተረና ሱፉን እያዝረከረከ ቅጠሏን መዘዘ። ከፍ አድርጎ ያዛት። ለአራት ቀን ያሰበው ይህንን ቅጽበት ነው፤ የሴትዮዋ ፊት ሲቀላ፣ ሰዉ ወደሷ ዞሮ ሲያጉረመርም፣ ከዚያ ወደ እሱ ሲመለስ።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ወደሷ ማንም አልዞረም። ሰው ሁሉ እንደ አንድ ሰው ተነሥቶ ወደ ቅጠሏ መጣ። ከሰባት ወር ወዲህ የመጽሐፋቸውን አንዲት ገጽ ያየ አልነበረም። ሽማግሌው አለቃ በቀለም የተነከረ ጣታቸውን ዘርግተው ሳይነኳት መለሱት። አንዷ እናት ጠርዟን ሳመች፤ የባሩዱ ጥላሸት ከንፈሯ ላይ ቀረ። የእትዬ ሳሙና ደስታ ከሁሉ ይብስ ነበር። እጇን ሁለት ጊዜ በቀሚሷ ጠርጋ፣ ቀረብ ብላ፣ የማታነበውን ፊደል እንደ ሕፃን ፊት ታየው ጀመር።

ኮርቻ ሰፊው ተናደደ። ነገሩ አልገባቸውም ማለት ነው። ከታች ሦስተኛው መስመር፣ እሷ የምትዘለው፣ እዚህ እንዳለ በጣቱ እያሳየ ደገመላቸው።

«ያንብቡልን ጋሼ» አለችው እትዬ ሳሙና። «ጎደሎ መሆኔን አውቃለሁ። ያለኝ ሁሉ ከእርስዎ አፍ የለቀምኩት ነው።»

መነጽሩን አወጣ፤ በጆሮው ላይ አሠረው። ሰዉ ወደየቦታው ተመለሰ። ድምፁ አልከዳውም፤ ያ ወፍራም የተረጋጋ ድምፅ ከገንዳ ገንዳ ሲሄድ ለራሱም ታወቀው፣ ደረቱም ሰፋ። አነበበ፤ ከታች ሦስተኛው መስመር ላይ ደረሰ።

«ወጣቶችም…» አለና ቆመ።

ከዚያ ወዲያ በመስመሯ መጨረሻ ያለውን ቃል ዓይኑ አየው፤ ይህን ጊዜ ግን አይቶ አላለፈውም። ይወድቃሉ ይላል። ወጣቶች ደክመው ታክተው፣ ጎበዞቹም ተሰናክለው እንደሚወድቁ ይናገራል።

ኮርቻ ሰፊው አንድ ወንድ ልጅ ነበረው። ከሞተ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ጣሪያ ሠሪ ነበር፤ ሀያ ሁለት ዓመቱ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሲያፈስ ሸክላውን ለመቀየር ወጣና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አዳልጦት ወደቀ። አባቱ ከሥራው ቦታ ሮጦ ሲደርስ ልጁ በጀርባው ተኝቶ ሰማይ ያይ ነበር። ከተቀበረ በሦስተኛው ሳምንት ይህች ክፍል የምትነበብበት ተራ ደረሰ። ኮርቻ ሰፊው አትሮንሱ ፊት ቆመ፣ አነበበ፣ እዚህች መስመር ላይ ደረሰ። ያኔ ዓይኑ በራሱ ጊዜ ወደ ታችኛው መስመር ዘለለ፤ አፉም ተከተለው። ማንም ምንም አላለውም። በዓመቱም ዘለላት። በሦስተኛው ዓመት መዝለሉን ረሳው፤ መስመሯ ለእሱ ከመጽሐፉ ወጥታ ጠፍታ ነበር።

አሁን ገባው። ሴትዮዋ ምንም አልዘለለችም። እሱ ያነበበውን ሁሉ፣ የዘለለውንም ጭምር፣ አንድ ሳታጎድል ይዛለች። ሊያዋርዳት ይዞት የመጣው ጉድለት የራሱ ነበር።

ወረቀቷን አጥፎ ያዛት። «ይህ ዛሬ የሚነበብ አይደለም» አለ። ፊት ለፊቱ የተቀመጡትን ዘጠኝ ወጣቶች ማየት አቃተው።

ወጣቱ አንጥረኛ አንገቱን ቀና አደረገ። «ምን ይላል ጋሼ?»

«ነገ ለሚሄድ ሰው የሚሆን ቃል አይደለም ልጄ።»

«የምንሄደው እኮ እኛ ነን» አለ አንጥረኛው፤ ድምፁን አላሳደገም። «የሚያስፈራ ከሆነ እዚሁ እናንተ ጋ እንስማው። እዚያ ብቻችንን ከሚያገኘን።»

ኮርቻ ሰፊው ሊያነብም ሊቀመጥም አልቻለም። ያኔ ከቀዩ ገንዳ ኋላ ሚስቱ ተነሥታ በሰዉ መካከል መጣች። ሰው ፊት አጠገቡ ቆማ አታውቅም፤ ዛሬ ግን ቆመች፣ ክርኑንም ያዘችው።

«አንብበው» አለችው። «አሥራ ስምንት ዓመት ስጠብቃት ኖሬአለሁ።»

ዞሮ አያት። «ታውቂ ነበር?»

«እኔ ካላወቅሁ ማን ያውቃል? አንተ በዘለልካት ቁጥር እኔ በልቤ እሞላታለሁ። ብቻዬን መሙላቱ ደከመኝ።»

ቅጠሏን ዘረጋት። «ወጣቶችም…» አለ፤ ከዚያ አልፎ መሄድ አልቻለም። እትዬ ሳሙና ናት ቀድማ «ወጣቶችም» ብላ የተቀበለችው። ሰዉም «ወጣቶችም» አለ። አንድ ቃል ጨመረ፤ «ይደክማሉ።» «ይደክማሉ» አሉ። እንደዚያ አንድ ቃል እሱ፣ አንድ ቃል እነሱ፣ ከባድ ግንድ በጋራ እንደሚያነሣ ሰው እየተቀባበሉ ሄዱ። ይወድቃሉ የሚለው ጋ ሲደርሱ ድምፁ ተሰበረ፤ የሰዉ ድምፅ ግን አልተሰበረም፤ ከሥሩ ገብቶ ያዘው። የወጣቶቹ እናቶችም አሉት። ወጣቱ አንጥረኛም ዓይኑን ሳይጨፍን አለው።

ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ለማንበብ ወረቀት አላስፈለገም። «ነገር ግን» አለ ሰው ሁሉ በአንድ አፍ፤ ተስፋ የሚያደርጉት ኃይላቸው እንደሚታደስ፣ ሮጠው እንደማይታክቱ ያለውን ተያያዙት። ይህን ቃል ሰባት ወር ሙሉ ብለውታል። እስከዚያ ቀን ግን «ነገር ግን» የሚለው ቃል የሚቆምበት አልነበረውም። ወድቀው ያላዩ ሰዎች ስለ መነሣት ሲያወሩ እንደነበር ሁሉም በየልቡ ታወቀው። ኮርቻ ሰፊው በእድሜው ብዙ ጸሎት ሰምቷል፤ ከዚያ ንባብ በኋላ እንደ ተጸለየው ያለ ግን አልሰማም። ድምፁ እንዳይወጣ አለቃ በእጃቸው ቢለምኑም ያሁኑን ዝም ማሰኘት አልተቻለም። እነዚያ ሬሳ የመሰሉ እናቶች ልጆቻቸውን አንገታቸውን አቅፈው ቀና ብለው ጸለዩ፤ መሰብሰቡ ምን ይጠቅማል ያለችውም ከመካከላቸው ነበረች።

ሰዉ ነጠል ነጠል ብሎ ሲወጣ ኮርቻ ሰፊው ሱፉን እየለቀመ ወደ ኋላ ቀረ። እትዬ ሳሙናም ጎንበስ ብላ ታግዘው ጀመር። ሱፉን ወደ ኮርቻው ሆድ እየመለሰ ነው የተናገረው።

«ላዋርድሽ ነበር የመጣሁት።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ወስፌውን ሲያወጡ ፊትዎን አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ሱፉን በእጇ እንደ ጨበጠች፣ እሷም ስንት ዓመት እንደ ቀናችበት ነገረችው። እሱ ደረቅ ልብስ ለብሶ፣ መጽሐፉን ፊቱ ዘርግቶ ሲያነብ፣ እሷ ከበሩ ኋላ ውሃ እያንጠባጠበች ቃል እንደ ሌባ ትለቅም ነበር። አንድ ቀን ብቻ ያን መጽሐፍ ገልጬ የት ጋ ምን እንደሚል ባየሁ እያለች ስታለቅስ ወደ ቤቷ የሄደችበት ጊዜ ብዙ ነው። መጽሐፉ ተቀድዶ ጥይት ሲጠቀለልበት ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበላት፣ አሁን እኩል ሆንን ብላ ለአንድ ቀን ደስ ብሏት ነበር።

ኮርቻ ሰፊው እስኪበቃው ሳቀ። ከሰባት ወር ወዲህ ገና አሁን መሳቁ ነው። ያቺን መስመር አንድ ጊዜ አላት። እሷ አንድ ጊዜ ብቻ ሰምታ፣ ቃል ሳታጎድል፣ የሱኑ ዜማ ሳትለቅ መለሰችለት። እውነቱን ለመናገር ይህም ትንሽ ቆነጠጠው፤ ቅናት በአንድ ቀን ጸሎት ተጠራርጎ አይወጣም። ቢሆንም ቅጠሏን አጥፎ በእርጥቡ መዳፏ ላይ አኖራት፤ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮም ከዚያችው ቅጠል ፊደል ሊያስቆጥራት ቃል ገባላት።

በማግስቱ ጠዋት ዘጠኙ ወጣቶች አካፋ ተሸክመው፣ ሦስት ሦስት ሆነው፣ በድልድዩ ላይ ተሰለፉ። ማልቀስም መጮህም ተከልክሏል። ሕዝቡ ከግንቡ ወዲህ ቆሞ ያያል። እትዬ ሳሙና የታጠበ የወታደር ልብስ በራሷ ተሸክማ ከፊት ነበረች። ወሬ የምታወራ ይመስል ዝቅ ባለ ድምፅ ያቺን ክፍል ጀመረች። መስመሯ ጋ ስትደርስ ግን ራሷ አላለችውም። ቆማ ወደ ኮርቻ ሰፊው ዞረች። እሱም በዚያ ከገንዳ ገንዳ በሚደርሰው ድምፁ፣ አሰማት። አሥር አለቃው ማን እንደ ተናገረ ለማየት ሲዞር ኮርቻ ሰፊው አልተደበቀም። የቀረውን ሰልፈኞቹ ራሳቸው ቀጠሉት፤ ትእዛዝ ተሰጥቶ መራመድ ሲጀምሩ «ነገር ግን» የሚለው ከድልድዩ ማዶ ይሰማ ነበር። ከዘጠኙ ሰባቱ ከአምስት ወር በኋላ ተመለሱ። ወጣቱ አንጥረኛ ከተመለሱት መካከል አልነበረም። ያን ጠዋት ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም፤ ሁሉም ቀና ብሎ ነበር የሄደው።

ኮርቻ ሰፊውና ሚስቱ ወደ ቤት ሲመለሱ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል አለፉ። ከውስጥ ፈረስ ያሽካካል፤ ደጁ ላይ ጭድ ተከምሯል። ባልየው እዚያ ሲደርስ እንደ ልማዱ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ሚስቱ ክርኑን ይዛ አቆመችው።

«ከግራው ጥግ ጀምሮ እስከ ሰባተኛው ረድፍ ድረስ የሱ ነው» አለችው።

ቀና አለ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ያን ጣሪያ አላየውም ነበር። ሸክላዎቹ ከሌሎቹ ትንሽ ይቀላሉ፤ አንድም ሳይነቀል ተደርድረው ቀርተዋል።

«መቼ ቆጠርሽው?»

«በየሳምንቱ» አለች። «አንተ ወደ መጽሐፉ ስታይ፣ እኔ ወደ ላይ ነበር የማየው።»